በጠብታ ውስጥ የቆመው ቤት

እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ጋሼ ጥያቄ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው በዓይናቸው ይከተላሉ። እኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት የሚሠራው እንዲህ ነው። እኔ እጅ ያለው የደራሲው ወይም የተርጓሚው ጽሑፍ ነው፣ እሳቸው ፊት ያለው ደግሞ ለኅትመት የተዘጋጀው ገጽ። ሁለቱ ከተስማሙ ሥራችን አለቀ፤ ነገሩ እውነት ይሁን ውሸት አያገባንም። ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍላቸው ጋሼ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። ከአራት መቶ በላይ መጻሕፍት አርመዋል፤ ስለ አንዱም ብትጠይቋቸው "ፊደሉ ንጹሕ ነበር" ይሏችኋል። ጥያቄ ያልናቸውም ጀርባቸው እንደ ጥያቄ ምልክት ስለጎበጠ እንጂ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም።

ባለፈው ወር ሁለት ገጽ ቦታ ተለዋውጦ ታትሞ ወጣ። ኃላፊው ጠረጴዛችን ድረስ መጥቶ፣ በአክብሮት፣ ግን በሚያደማ አክብሮት፣ "ጋሼ፣ ደክመዋል። ሌላ ስህተት ካለፈ ምድር ቤት ወረቀት መጋዘን ገብተው ይረፉ" አላቸው። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ያረሙትን ገጽ ሁለት ሦስቴ እየገለጡ ያዩ ጀመር፤ እኔም ኃላፊውን ሰላም ማለት አቆምኩ።

ከዚያ ይህ መጽሐፍ መጣ። ከመቶ ዓመት በፊት ባሕር ማዶ የኖረ፣ ሥዕልና ሕንፃ ሲያይና ሲተች ዕድሜውን የጨረሰ ሰው በእርጅናው የጻፈው የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው። እውነቱን ለመናገር ገና ስጀምረው ደሜ ፈላ። አባቱ ሀብታም፣ ሥራው ማየት። እኛስ ስናይ አይደል የምንውለው?

"ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" አልኳቸው።

"ቀጥዪ" አሉኝ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሰውየው ገና ልጅ ነው፤ ታሞ ተኝቷል። ዝናብ ነው። በመስኮቱ ብረት ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ እያየ ጠዋቱን ይገፋል፤ ስለ እሷ ብቻ ስድስት ገጽ ጽፏል። እያሾፍኩ ጀመርኩ። ጠብታዋ ቀስ እያለች እንዴት እንደምትወፍር፣ ልትወድቅ ስትል እንዴት እንደምታመነታ፣ ሰማዩ ከታች ጠርዟ ላይ እንዴት እንደሚሰበሰብ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፄ ሳላዝዘው ዝግ አለ። በኋላ ዘመኑ ያያቸውን ትልልቅ ሕንፃዎች ሁሉ የለካው በዚያች ጠብታ እንደሆነ ሲናገር፣ ማሾፌን ረስቼዋለሁ።

ምዕራፉ አልቆ ቀና ስል ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀምጠውታል። ገጾቹ ላይ አንድም ቀይ የለም። እኛ ዘንድ በአንድ ገጽ አራት አምስት ስህተት አይጠፋም።

"ጋሼ፣ አላረሙም እኮ።"

"እየሰማሁ ነበር" አሉ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደንግጠው።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን ቀዩ እየበረከተ ሄደ። "ማዶ ያለው ቤት በጠብታዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል" የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

"ልክ አይደለም።"

"እኔም ጋ ያለው እንዲሁ ነው የሚለው።"

"ሰማዩ ከታች ነው ብሎ የለ? ሰማዩ ከታች ከሆነ ቤቱ እንዴት ቀጥ ይላል?"

ውጭ ከጠዋት ጀምሮ ሲጥል የነበረው ዝናብ ማባራቱ ነበር። ጋሼ ለጥቃቅን ፊደል የሚጠቀሙበትን አጉሊ መነጽር አንሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ብረቱ ላይ ጠብታዎች ተሰልፈዋል። መጎንበስ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ጀርባቸው ቀድሞ ጎንብሶላቸዋል። ጠብታዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

"ነይ" አሉኝ በመጨረሻ።

ማዶ ያለው ፎቅ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሏል። ጣራው ወደ ታች፣ በረንዳ ላይ የተረሳው ቀይ ብርድ ልብስ ሳይቀር፣ ከሥሩ ደግሞ ሰማዩ በሙሉ። አጠገቧ ባለችው ጠብታም ሌላ ፎቅ፣ ሌላ ብርድ ልብስ፣ ሌላ ሰማይ። ያ የቀለድኩበት ሰው ይህን በልጅነቱ አይቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ አምጥቶ አስቀምጦታል። ከመደነቅ አልፎ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ጋሼ ተመልሰው "ቀጥ ብሎ" የሚለውን ሰረዙና "ተዘቅዝቆ" ብለው ጻፉ። ጽሑፉ ያላለውን መጻፍ በእኛ ሥራ ከስህተት ሁሉ የከፋ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ መጋዘን ያስገባዎታል።"

"ያስገባኝ" አሉ። ገጹንም መለስ ብለው ሳያዩት ገለበጡት።

ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ዳግም ጥሎ እንዳባራ፣ ኃላፊው ገጹን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። "ተርጓሚው ያላለውን ማን ይጻፉ አለዎት? ደክመዋል አላልኩም?"

"ደውልና ጠይቀው" አሉ ጋሼ።

ደወለ፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"እሱ ነገር፣ አዎ" አለ ተርጓሚው እየሳቀ። "ዋናው መጽሐፍ ላይማ ተዘቅዝቆ ነው የሚለው። ሰውየው ሲጽፈው አርጅቶ ነበር፤ አእምሮውም ደክሞ ነበር ይባላል። ቤት ተዘቅዝቆ ሲቆም ማን አይቷል? የዘባረቀ መስሎኝ አቃናሁለት።"

ኃላፊው ስልኩን ዘግቶ ቆመ። ጋሼ አጉሊ መነጽሩን አቀበሉትና መስኮቱን በአገጫቸው አሳዩት። ሄደ፤ ጎነበሰ። ያ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ልክ እንደ ጋሼ ጎብጦ ብዙ ቆየ። ሲመለስ መነጽሩን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"ከቦታዎ እንዳይነሡ" አላቸው ቀስ ብሎ፣ ወጣም።

ማንበብ ልጀምር ስል ጋሼ ከለከሉኝ። ወንበራቸውን ጎትተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው" አሉ። "ትንሽ ታገሺኝ፣ ልጄ። እስክትወድቅ ልያት።"