ሐሙስ ብቻ

እና ሐሙስ ይበቃል ይላል ዳኛው፣ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ብቻ፣ የፖስታ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነውና ያለው ሁሉ ካፉ ሲወጣ ያለቀለት ነገር ይመስላል፣ አበቡ ትሰማዋለች እንጂ አታየውም፣ የምታየው ግቢው ውስጥ የቆመችውን የፖስታ ማኪና ነው፣ የሊማሊሞ አቧራ ገና አልታጠበላትም፣ ሹፌሩ ሐብተ ማርያም ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯን ያያል፣ የምን ሞተር፣ ሞተር እያየ እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ቀና እያለ የስብሰባውን መስኮት ነው የሚያየው፣ ነገርሻቸው ወይ ነው የሚላት።

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ።

ጠዋት በር ላይ ነው የያዛት፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ አጎትሽን ትናንት አየኋቸው አላት፣ አያ ማሩን፣ ደስ ሊላት ነበር፣ ፊቱን ስታይ ተወችው፣ የት ነው ያየሃቸው፣ ከዛሪማ ወዲህ ያለችው ከተማ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ምነው፣ ምን ሆኑ፣ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ያመጣሁት አክታቸው ተበላሽቶ ኖሯል፣ የጎንደሩ ላቦራቶሪ መልሶታል፣ እንደገና ይስጡ ተብለው፣ የጠዋት አክታ ይሻላል ብለው አዲስ ብልቃጥ ሰጥተዋቸው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል፣ ከዚያ ሐብተ ማርያም ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ለአበቡ እንዳትነግራት ብለውኛል፣ ፖስታ ቤቱ እንጀራዋ ነው፣ በኔ የተነሳ ካለቆቿ እንዳትቀያየም ብለውኛል፣ እኔ ግን ሆዴ አልችል አለ፣ ደግሞ እኔ አልነገርኩሽም።

እሷም አልሰማችም እንግዲህ። እንዲህ ነን እኛ፣ የነገረ የለም፣ የሰማ የለም፣ ሁሉም ያውቃል።

ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ቀረ ይላል ዳኛው፣ ሙሽራው ሠርጉን በቴሌግራም ይጠራል፣ ለቅሶም በስልክ ሆኗል፣ እኛ ግን ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ባዶ ከረጢት ጭነን ዳገት ስንወጣ ከረምን፣ ነዳጁን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ይኸው በሙከራው ሐሙስ ብቻ ሄድን፣ ሰማይ አልተደፋም። ናሙናውስ ትላለች አበቡ በሆዷ፣ ሆዷን የሰማ ይመስል፣ የጤና ጣቢያዎቹም ናሙና በዚያው በሐሙሱ ይመጣል ይላል፣ ምን ችግር አለው፣ ሳጥን አለው፣ በረዶ አለው።

በረዶ አለው። መብራት ሲኖር ነዋ።

አያ ማሩን ከክረምት ጀምሮ ያስላቸዋል፣ መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፣ ቀጥሎ የአውድማ ብናኝ ነው አሉ፣ ከዚያ ጠበል ገቡ፣ ሱባኤ የያዘ ሰው ደግሞ ቀኑ ሳይሞላ ከጠበሉ አይነቃነቅም፣ ቤቱ ቢቃጠልም አይነቃነቅም፣ ቅዳሜ ሞላላቸው፣ በቀጥታ ከገበያተኛው ጋር ቁልቁል ወርደው ጤና ጣቢያው ሄዱና ብልቃጧ ውስጥ ተፉ፣ በፊት ቢሆን ችግር የለም፣ ገበያ የወረደ በሽተኛ ሁሉ ቅዳሜ ይሰጣል፣ ሰኞ ሐብተ ማርያም ይጭናል፣ ማታውን ጎንደር ነው፣ አሁን ሰኞ የለም፣ መብራቱም ጠፍቶ ነበር፣ ፍሪጁ እንደ ቁም ሳጥን ተገትሮ ሐሙስን ጠበቀ። ሰኞ ማኪና ቢኖር ኖሮ ይሄኔ በሽታቸው ታውቆ መድኃኒት ጀምረው ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ጎንደር ይምጡ፣ እኔ ጋ ይምጡ፣ ስንቴ ለምናቸዋለች፣ አውቶቡስ አልወጣም ይላሉ፣ በሰው መሀል ተቀምጬ እያሳለኝ መንገደኛ ላውክ፣ አይሆንም ልጄ፣ ነውር ነው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ያላት። ከሁሉ ይሄ ድንጋይ ነው አንጀቷን የሚበላት፣ አባቷ ሲሞት ከደጋ አምጥተው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይተውላት፣ የገብስ ስልቻ ተሸክመው ይመጣሉ፣ በር ግን አያንኳኩም፣ አከራዮቹን እንዳልረብሽ ብለው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰው እስኪወጣ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናቡ እየወረደባቸው አገኘቻቸው፣ ጋቢያቸውን ስልቻው ላይ አልብሰው እሳቸው በሸሚዝ፣ ምነው አያ፣ አያንኳኩም እንዴ፣ አሁን ገና መድረሴ ነው አሉ፣ ውሸታቸውን ነው፣ ትወዳቸዋለች፣ ከአባቷ አስበልጣ ትወዳቸዋለች፣ ይህንን ነግራቸው አታውቅም።

ቀን ካልተቀነሰ ሰው ይቀነሳል፣ ዳኛው ነው፣ ድምፁ ወርዷል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር፣ ስም አይጠራም፣ መጥራትም አያስፈልገውም፣ የኮንትራት ሠራተኛ አንዲት ፋሲካ ብቻ ናት፣ መስኮት ላይ ቴምብር የምትሸጠው፣ እናቷን ጡረታ የሌላትን፣ ታናናሾቿን፣ ሁሉንም የምታበላ እሷ ናት፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆና አበቡን ታያለች፣ ለምን አታይ፣ የሰሜን መስመር ኃላፊ አበቡ ናት፣ ሙከራው አልሠራም ብትል አልሠራም ነው፣ ፋሲካ ደግሞ ነገ እቤቷ ናት።

እሺ አበቡ ይላል ዳኛው፣ መስመሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ በሙከራው ጊዜ ቅሬታ ቀርቧል ወይ።

ቅሬታ። ማን ያቀርባል። ቅሬታ የሚቀርበው ጎንደር ነው፣ ጎንደር ለመድረስ ማኪና ያሻል፣ ማኪናው ነው የተቀነሰው፣ ደርሶስ ማን አፉን ይከፍታል፣ አገሬው እንደሆነ ሰው ላለማስቀየም ሞቱን ይደብቃል፣ ጎረቤት እንዳይጨነቅ ብሎ ሕመሙን ይውጣል፣ ደኅና ነኝ ይላል፣ ሸጋ ነኝ ይላል፣ ቀብሩ ላይ ነው መታመሙ የሚሰማው።

ተናገሪ። አንድ በሽተኛ አለ በይ። ማን ነው ይላል፣ አጎቴ ናቸው፣ አሃ ይላል፣ አሃ ብቻ፣ ነገርየዋ ከዚያ ፒያሳ ትወርዳለች፣ ማኪያቶ ላይ፣ ሰማችሁ፣ ለአጎቷ ብላ ያችን ምስኪን አስባረረቻት፣ እና ውሸት ነው ወይ፣ ለአጎቴ ነው፣ ለማን ይሁን ታዲያ፣ ለዳኛው አጎት ይሁን፣ በይ ተናገሪ፣ ሰውየው ዝናብ መቷቸዋል ባንቺ፣ አፏን ትከፍታለች፣ ፋሲካ ጥፍሯን ትልጣለች፣ ሐብተ ማርያም እታች ኮፈኑን ደገፍ ብሎ ቀና ይላል።

አልቀረበም።

ማን ነው ያለው፣ እሷ ናት፣ ድምፁ የሷ ነው፣ ደግሞ ምንም አልተንቀጠቀጠም፣ ፋሲካ በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ወረቀቱ ይዞራል፣ አበቡ ጋ ይደርሳል፣ ትፈርማለች፣ እስክሪብቶውን ለቀጣዩ ስታቀብል ነው የሐብተ ማርያም ሌላው ቃል ድንገት የሚመጣባት፣ የሳቸው ብቻ መሰለሽ እንዴ ብሏት ነበር፣ ሳጥኑ በሙሉ ነው የተመለሰ። ሳጥኑ በሙሉ። የስንት ቤት ሳል፣ የማን እናት፣ የማን ልጅ፣ እና የአጎቷን ስም ሳትጠራ ይህችን ብቻ ብትል ለዘመዷ ነው የሚላት ማን ነበር፣ አየሽ፣ ይሄ አሁን ነው የሚታይሽ፣ ከፈረምሽ ወዲያ፣ ፈሪ።

ደግሞ ይላል ዳኛው ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ የፊታችን ሐሙስ ጥምቀት ነው፣ ማኪና አይወጣም፣ በሚቀጥለው ሐሙስ እንቀጥላለን፣ የሁሉም ፊት ይፈታል፣ የሚመጣባቸውን እንግዳ ያወራሉ፣ አልጋ ጠፍቷል ይላል አንዱ፣ መሬት አንጥፈን እናስተኛለን ይላል ሌላው፣ አበቡም ጥምቀትን የረሳች አይደለችም፣ ቀሚሷን ካሰፋች ቆይታለች፣ ያንን ሐሙስና ይህንን ሐሙስ ነው ያላገናኘቻቸው።

አያ ማሩ ነገ ቅዳሜ ይወርዳሉ። ብልቃጧን ያስረክባሉ። ከዚያ ሐሙስ ጥምቀት። ከዚያ ሌላ ሳምንት ሙሉ ያ ፍሪጅ። ከዚያ ይመለሳል፣ ተበላሽቷል ይባላል፣ እንደገና ይስጡ ይባላሉ፣ እሳቸውም እሺ ይላሉ፣ እሺ ሳይሉ ቀርተው አያውቁም።

ጥያቄ ያለው፣ ይላል ዳኛው፣ አሁን ነው፣ አሁን፣ እጇ ከጠረጴዛው ይነሳል፣ ተነሳ፣ አቤት አበቡ፣ ሁሉም ወደሷ ይዞራል፣ ፋሲካም ትዞራለች፣ ልጅቷ ፈገግታዋን ገና አልጨረሰችም።

ለበዓሉ ተረኛ ማን ነው፣ ትላለች አበቡ።

ኮሪደሩ ላይ ናት፣ ስልኩ ይጠራል፣ እዚያ ማዶ ደጋው ላይ ይጠራል፣ ይነሳል፣ አቤት ልጄ፣ እንዴት ዋሉ አያ፣ እግዜር ይመስገን ሸጋ ነኝ፣ ሰላም ነሽ አንቺ፣ ሥራው፣ አለቆችሽ፣ ሁሉም ደኅና ነው አያ፣ ሳሉስ፣ የምን ሳል፣ እሱማ ተወኝ እኮ፣ ጠበሉ ጠረገልኝ፣ ነገ ገበያ እወርዳለሁ፣ ምን ልግዛልሽ፣ ገበያ፣ ገበያ ነው ያሉት፣ አይውረዱ በያቸው፣ አውቄያለሁ በያቸው፣ እሁድ ራሴ መጥቼ በኮንትራት ማኪና እወስድዎታለሁ በያቸው፣ ልትል ነው፣ ይኸው ልትል ነው፣ ድንገት ድምፃቸው ይርቃል፣ ባዶ ይሆናል፣ ከባዶው ወዲያ፣ ከሩቅ እንደሚፈለጥ እንጨት፣ የሆነ ነገር ይሰነጠቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አይቆምም፣ ገብቷታል፣ ሲያስሉ እንዳትሰማቸው እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከአፋቸው አርቀው ይዘውታል።

ይመለሳሉ። ትንፋሻቸው አጥሯል። ኔትወርኩ ነው ይላሉ፣ እዚህ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ምነው ዝም አልሽ ልጄ።

አበቡ ግድግዳውን ትደገፋለች፣ ልቅሶው ሊያመልጣት ነው፣ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከአፏ ታርቃለች፣ እስኪያልፍላት፣ ከሩቅ ሄሎ ሄሎ ሲሉ ይሰማታል፣ ከዚያ ወደ አፏ ትመልሰዋለች።

አዎ አያ፣ ትላለች፣ ኔትወርኩ ነው።