የክፍል ሁለት ጡሩንባ

የፊልሙን ክፍል አንድ ያየ ሰው ክፍል ሁለትን እስኪያይ እንቅልፍ እንዴት ይወስደዋል? እኔን አልወሰደኝም። በክፍል አንድ ሙታኑ ከመቃብር ይነሳሉ፣ ሰዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው በሩን በወንበር ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መፍራት ብቻ ነው። በክፍል ሁለት ግን ወንበሩን ያነሱታል። አውቶቡስ አስነስተው ይወጣሉ። ሙታኑም ቢሆኑ አልሰነፉም፣ መሮጥ ተምረዋል።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ እዚህ አምቦ፣ በኦቦ ሂርጳ ቪዲዮ ቤት፣ ማይክ ይዤ ፊልም እተረጉማለሁ። ተዋናዩ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ በአማርኛ እከተለዋለሁ፤ ሳቅ ሲያስፈልግ ኦሮምኛ ጣል አደርጋለሁ። ቀን ቀን ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ጨለማው ውስጥ ግን ሁሉም ድምፄን ያውቀዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦቦ ሂርጳ ጠራኝ።

«ስማ፣ ዛሬ ቤቱ ካልሞላ ከሰኞ ጀምሮ ኳስ ብቻ ነው የማሳየው። ኳስ ደግሞ ተርጓሚ አይፈልግም።»

«ይሞላል ኦቦ፣ ክፍል ሁለት እኮ ነው!»

«ክፍል አንድን ማን አየውና?»

እውነቱን ነው። ክፍል አንድን ያሳየነው ክረምት ላይ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከኔ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

ፊልሙ ሲጀመር የመጡት ጥቂት ተማሪዎችና ጅሩ የሚባለው የባጃጅ ሾፌር ብቻ ነበሩ። ኦቦ ሂርጳ ባዶውን አግዳሚ አይቶ ተነፈሰ፤ ከዚያ ትልቁን ድምፅ ማጉያ አንስቶ ደጅ አወጣው። «ምናልባት ከገበያ የሚመለስ ሰው ይስብ ይሆናል» አለ።

«ተርጓሚው!» አለ ጅሩ ከኋላ። «ሙታኑ ምን እያሉ ነው?»

«እእእእ እያሉ ነው።»

«እሱንማ እኛም ሰማን!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ባዶው አግዳሚ አይኔ ላይ ነበር።

አውቶቡሱ በሙታን ተከበበ። አንዲት ልጅ ጣሪያው ላይ ወጣች። «ሙታኑ ድምፅ ይከተላሉ! ወደኔ ልጥራቸውና እናንተ አምልጡ!» ብዬ ተረጎምኩ። ልጅቷ ትልቅ ጡሩንባ አውጥታ ነፋች። ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ነው። ደጋግማ ነፋችው።

የኛ ሰፈር እድር እስከ ዛሬ ለቅሶ የሚለፍፈው በጡሩንባ ነው። ጡሩንባ ከተሰማ ማን፣ የት፣ እንዴት ተብሎ አይጠየቅም፤ ሥራ ተጥሎ ድምፁ ወደመጣበት ይኬዳል። እኔ ይህን ረስቼው ነበር። ድምፅ ማጉያው ግን ደጅ ነበር።

በፊልሙ ሙታኑ ወደ አንድ የብረት በር ተጠጉ። ያኔ የኛ የቆርቆሮ በር፣ ግው! አለ። እንደገና ግው! ተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ወጡ። ጅሩ አግዳሚ ሥር ገባ። በሩ ተበረገደና ነጭ የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቀስ፣ ቀስ እያሉ ገቡ።

ማይኩን እንደያዝኩ «መጡ!» ብዬ ጮህኩ። በፊልሙ ውስጥ እንደዚያ ያለ ማንም አልነበረም።

ከፊት ያሉት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ጎረቤታችን እትዬ ካሰች ናቸው። «ወይኔ ልጄ፣ ሂርጳ ነው የሞተው?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ!» አለ ኦቦ ሂርጳ ከጥግ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ጂራ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ገቡ። «ኤኙ ዱኤ? ማን ነው ታዲያ የሞተው?»

ከሁሉም ኋላ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ የራሳቸውን ጡሩንባ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ እያለከለኩ ደረሱ። «እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ማን ነው የነፋው?»

በጣቴ ወደ ፊልሙ አመለከትኩ። «እሷ ናት።»

ጋሽ እንግዳወርቅ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ትንፋሽ አላት» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ኦቦ ጂራ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «በለቅሶ ትቀልዳላችሁ? ሂርጳ፣ ዝጋው!»

ኦቦ ሂርጳ እጁን ወደ ማጥፊያው ዘረጋ። ያን ቀን ከተዘጋ ለኔ ለሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው። የማውቀው መተርጎም ብቻ ስለሆነ ማይኩን አፌ ላይ አደረግኩ።

«ሽማግሌው የአውቶቡስ ሾፌር ውጭ ወድቋል። ልጅቷ ‹ጥለነው አንሄድም› ትላለች። ሌሎቹ መሪውን ለያዘው ልጅ ‹ለአንድ ሰው ብለን ሁላችንም እንለቅ? ንዳው!› ይላሉ።»

«ለአንድ ሰው?» አሉ እትዬ ካሰች። «ምን ማለት ነው ለአንድ ሰው? እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም እንዴ?» ብለው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ፣ ልክ ጅሩ ካለበት በላይ።

ኦቦ ጂራ የሂርጳን እጅ ያዙ። «ቆይ፣ አትዝጋው። እስኪ ጥለውት ሲሄዱ እንያቸው።»

ጥለውት አልሄዱም። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ዞረና ሙታኑን እየገፈተረ ተመለሰ። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ብድግ አለ፤ ቤቱ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። «ግፋ! ግፋበት!» ይላሉ ኦቦ ጂራ፣ ጋቢያቸው ወድቆ። እትዬ ካሰች አንዴ ለሾፌሩ፣ አንዴ ለሙታኑ ያዝናሉ። «እነሱም ቀባሪ አጥተው ነው እኮ የሚንከራተቱት!» ሾፌሩን ጎትተው ሲያስገቡት እልልታው ከጡሩንባው በለጠ። እኔ መተርጎም አቁሜ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም።

መብራት ሲበራ ኦቦ ጂራ ሊቀ መንበርነታቸው ትዝ አላቸው። ጋቢያቸውን አንስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሂርጳ፣ ሰው ሳይሞት ጡሩንባ ማሰማት በእድራችን ያስቀጣል።»

ኦቦ ሂርጳ አንገቱን ደፋ። ኦቦ ጂራ ዙሪያቸውን ያለውን ሰው አዩ፣ እኔንም አዩ።

«ልጅቷና ሾፌሩ መጀመሪያ እንዴት እንደተገናኙ ማናችንም አልገባንም። ስለዚህ ለሚመጣው ቅዳሜ ክፍል አንድን ታሳየናለህ። ቅጣትህ ይኸው ነው። ይኼም ልጅ ይተርጉምልን።»

«ኳሱስ?»

«ኳሱ የትም አይሄድ» አሉ እትዬ ካሰች።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ያንን ማጉያ ግን ወደ ውስጥ አስገባው። ይህን ሰፈር የምጠራ እኔ ነኝ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ በደስታ ልሸከመው ስሮጥ፣ እትዬ ካሰች ከተቀመጡበት ሥር አንድ ራስ ብቅ አለ። ጅሩ ነው።

«ሄዱ?» አለ።