አሮጌው መበየጃና የሰፈሩ አምፖሎች

ሦስት በአንድ ይሉታል እንጂ እኔን ከጠየቅኸኝ ከዚያም በላይ ነው፣ ያለው ባለሱቁ ኢብራሂም ነው፣ ስለ አዲስ መበየጃ ማሽን፣ ኢብራሂም ከአዲስ አበባ ስለሚያመጣው ዕቃ ሲያወራ ሴት ልጁን የሚድር ይመስላል፣ በኤሌክትሮድ ይበይዳል፣ በጥቅል ሽቦ ይበይዳል፣ በአርጎን ይበይዳል፣ ክብደቱ የአንድ ፍየል ያህል ነው፣ መብራት አይሻማም፣ ታዲያ ምን ቀረህ፣ መኪናዬ ነገ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ዛሬ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ቁርጡን ንገረኝ፣ አሮጌውን ደግሞ ጭኜልህ እሄዳለሁ፣ መዳቡን የሚገዛ አይጠፋም። ቁርጡን። ዘገየ ቁርጥ ነገር መናገር የሚያውቅበት ቢሆን ኖሮ አሁን በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አምፖል ላይ አያፈጥም ነበር።

አምፖሉ ጸጥ ብሏል። አይርገበገብም፣ አይደክምም፣ የከተማው ጄኔሬተር ከተነሣ ጀምሮ እንደ ረጋ ነው፣ ዛሬ ሦስተኛ ምሽት መሆኑ ነው፣ የጋምቤላው ኒውላንድ ሰፈር በሙሉ የረጋ ብርሃን አግኝቷል፣ ደስ ይበላቸው፣ መብራታቸውን የሚበላባቸው የለም፣ በላተኛው በገመድ ተጠፍሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ቤት ሠራሽ ነው፣ ጅማ ያለ አንድ በያጅ መዳብ ጠምጥሞ ጠምጥሞ ሣጥን ውስጥ የከተተው፣ ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሣም፣ ሲሠራ እንደ ጠገበ በሬ ያጓራል፣ ኤሌክትሮዱ ብረት በነካ ቁጥር ደግሞ በዚያ መስመር ላይ ያለው አምፖል ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ፍም ይመስላል። ይህን ዘገየ ድሮም ያውቃል፣ እያወቀ ነው ሲበይድ የኖረው፣ እንዴት አያፍርም ሰው፣ ግን አላፈረም፣ እስከ እሑድ ድረስ አላፈረም።

እሑድ ከሰዓት ቀበሌ ስብሰባ ነበር፣ ክልል ከሆንን ወዲህ ስብሰባ እንደ ዝናብ ነው፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ታፔላ፣ አብረውት ከደጋ የመጡት አንዱ ወደ መቱ አንዱ ወደ በደሌ እየተዛወሩ ሄደዋል፣ እሱን ማንም ሂድ አላለውም፣ ቆይ ያለውም የለም፣ ሰብሳቢው ኦባንግ ነበር፣ ከአጥሩ በስተግራ የሚኖረው ኦባንግ፣ ስለ መብራት ሲነሣ ጣቱን ወደ ዘገየ ቀስሮ፣ ይኼ ደገኛ እኮ ነው መብራታችንን የበላው፣ አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ዘገየም ሳቀ፣ ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ፣ እንዳልተነካ ሰው፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ይጠብቀኛል ብሎ ሹልክ አለ፣ እሑድ ከሰዓት የትኛው በሽተኛ። ቤቱ ደርሶ ገመዱን ፈልጎ አሮጌውን አሰረው። ደገኛ የሚለው ቃል አይደለም የከነከነው፣ ደገኛማ ነው፣ የጎሬ ልጅ ሌላ ምን ይባላል፣ የከነከነው ሳቁ ነው፣ ይህን ያህል ዘመን ሲስቁበት ኖረው ኖሯል ማለት ነው።

እና አሁን ማሽን ይመረጥ። ይመረጥ እንጂ። የውጭ ድርጅት መካኒክ አገር ለቆ ሲሄድ የተወለት መጽሔት ጭኑ ላይ ተዘርግቷል፣ ሥዕሉ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ፈረንጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይበይዳል፣ በነጭ ሸሚዝ፣ ሚስቱ ትርንጎ ብታየው ሳሙናውን ማን ሊገዛለት ነው ትል ነበር። በኤሌክትሮድ የሚሠራው ብቻ ከሆነ አሮጌው አለለት፣ ለወፍራም ብረት፣ ለአንጎላሬ ለቱቦላሬ ከእሱ የተሻለ የለም፣ ስስ ላሜራ ላይ ግን ይበሳል፣ የጎረቤቱን የኛላምን ብስክሌት ጭቃ መከላከያ ወንፊት ያደረገው እሱ ነው። ጥቅል ሽቦው ለስስ ነገር ጥሩ ነው፣ ቃታውን ሲስቡት ሽቦው ራሱ እየወጣ ይሰፋል፣ ልብስ ስፌት ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ጋዝ ይፈልጋል፣ ጋዙን ደግሞ ከባሮ ወንዝ የሚመጣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ዱቄቱን በሆዱ የያዘ ጋዝ የማይሻ ሽቦም አለ፣ እሱም በዚህ ወበቅ ገና ከፕላስቲኩ ሲወጣ ይዝጋል። አርጎኑስ፣ አርጎን የሚሞላው አዲስ አበባ ነው፣ ሲሊንደሩ በኢብራሂም መኪና ሄዶ በኢብራሂም መኪና ይመለሳል፣ ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ ጋዙም እዚያ፣ ሰውየውም እዚህ፣ ቁጭ።

ደግሞ ሙቀቱ። ይህን ያህል ከሠራህ በኋላ አሳርፈው ይላል መጽሔቱ፣ ይህን የለካው ሰው በራሱ አገር ብርድ ነው የለካው፣ ጋምቤላ እኮ ጥላ ሥር ያስቀመጥከው መዶሻ እጅህን ያቃጥልሃል፣ እዚህ ማሽኑ ከሚሠራው የሚያርፈው ሊበልጥ ነው፣ እንደ ቢሯችን ማለት ነው። ደግሞ ካርዱ፣ አዲሶቹ ሆዳቸው ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ነው ያለው፣ የጄኔሬተሩ ኃይል ደግሞ ሲያሻው ይወጣል ሲያሻው ይወርዳል፣ አንድ ቀን ጠሽ ካለ ማን ሊሠራው፣ አሮጌው ግን ምን ይቃጠላል፣ መዳብና ብረት ብቻ፣ እንደ አባቱ ዝም ብሎ የሚችል። ደግሞ ኤሲ፣ ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ። ይህን ኢብራሂም አያውቅም፣ ኤሲ የሌለው ሦስት በአንድ አልሙኒየም አይበይድም፣ ብረትና ስቴንለስ ብቻ ነው፣ ካልነገረው ርካሹን ይዞለት ይመጣና የጎረቤቱ የኛቢየል ድስት እንደ ተቀመጠ ይቀራል።

ድስቱ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፣ የኛቢየል ነው፣ ከአጥሩ በስተቀኝ ያለችው፣ ዓሣ እየሠራች የምትሸጠው ኛቢየል፣ ሰው የሚያህል የአልሙኒየም ድስት፣ ቂጡ ላይ ተሰንጥቋል፣ በዚህ ማሽን አይሆንም፣ ያቀልጠዋል፣ ብሎ ሊመልስላት ሲል እጇን አወናጭፋ፣ አንተ ጋ ይቀመጥ፣ አለች፣ አንድ ቀን ትሠራዋለህ። ከክረምቱ በፊት ነው። አንድም ቀን አልጠየቀችውም፣ ይህ ደግሞ ከመጠየቅ ይብሳል።

ለመሆኑ ለማን ነው የሚበይደው። በያጅ አይደለም፣ ሱቅ የለው፣ እንጀራው ወባ ነው፣ ቀን ጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ማታ ደግሞ በጥቁር መስታወት ብልጭታ ያያል፣ ዓለምን በመስታወት ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ትርንጎ እያለች አንድ አልጋ ሠራ፣ የልጃቸውን የኮከብን ዥዋዥዌ ሠራ፣ ከዚያ ልጅቷ በወባ ተመላልሳ ስትታመም፣ እሱ ራሱ ደሟን አይቶ፣ እሱ ራሱ ውጤቱን ጽፎ፣ ትርንጎ በቃኝ አለች፣ ጎሬ እናቴ ጋ አሳድጋታለሁ፣ አንተም ዝውውር ጠይቅ፣ እሺ አለ፣ አልጠየቀም፣ ለምን እንዳልጠየቀ ዛሬም አያውቅም፣ ያለፈው ፋሲካ አልመጡም። እነሱ ከሄዱ በኋላ ወንበር መሥራት ጀመረ። ስድስት ወንበር ሠራ፣ ቱቦላሬውን አጥፎ፣ መቀመጫውን በላስቲክ ጠልፎ፣ ለስድስት ሰው፣ የሚቀመጠው ግን አንድ ነው፣ እየቀያየረ ይቀመጥባቸዋል፣ እንዳይቀያየሙ። ይህን ለማንም አልተናገረም። ቢናገርስ ለማን።

ስለዚህ አዲሱን ይግዛ፣ አሮጌው ይሂድ፣ ድስቱ ይሠራ፣ መብራቱ አይነካ፣ ማንም በእሱ አይሳቅ፣ ማንም እሱ መኖሩን እንኳ አያውቅ፣ ያ ነው ጥሩ ጎረቤት፣ ድምፅ የሌለው፣ ብርሃን የማይሻማ። ጥሩ ነው። ጥሩ ከሆነ ደረቱ ላይ ይህ ምንድን ነው የተጫነው፣ ተነሣ፣ ጫማህን አድርግ፣ ኢብራሂም ሊዘጋ ነው፣ ተነሣ አንተ።

በሩ ይንኳኳል። የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰፈር ይሰማል፣ የእሱን በር ግን ካንኳኳው ሰው ቆይቷል፣ ባትሪ ያበራል አንድ ሰው፣ ከፊት ረጅም ሴት፣ ኛቢየል ናት፣ ከኋላዋ ኦባንግ፣ ባትሪውን መሬት መሬት እያበራ፣ ለመግባት ያፈረ ይመስላል። ለድስቱ ነው የመጣችው፣ አበቃ፣ ትዕግሥቷ አለቀ፣ ኦባንግን ደግሞ ለምስክር።

ዘገየ፣ አለህ፣ ትላለች። አለሁ፣ ምነው። ዐይኑን ታየዋለች፣ ቀረብ ብላ ግንባሩን በመዳፏ ትነካዋለች፣ እንደ ልጅ፣ ትኩሳት የለም ትላለች ወደ ኦባንግ ዞራ፣ ከዚያ አምፖሉን በአገጯ ታሳየዋለች፣ መብራት ዝም አለ፣ ትላለች በዚያ አጭር አጭር አማርኛዋ፣ እሑድ ዝም፣ ትናንት ዝም፣ ዛሬም ዝም፣ እኛ ማታ እናያለን፣ መብራት ወረድ ሲል ዘገየ ከሥራ መጣ እንላለን፣ ደግሞ ወረድ ሲል በላ፣ በረታ እንላለን፣ አሁን ምንም የለም፣ ወባ ይዞት ብቻውን ተኝቷል አልኩኝ፣ ውሃ የሚሰጠው ሰው የለም፣ ኦባንግን ና እንየው አልኩት።

የወባ ሰውዬ በወባ ሞቶ፣ ሊስቅ ይፈልጋል። ተቀመጡ፣ ይላል፣ ይቀመጣሉ፣ ሁለት ወንበር፣ እሱ ሲቀመጥ ሦስት። ኦባንግ ላስቲኩን እየዳበሰ፣ የእሑዱ እኮ ቀልድ ነው፣ ይላል፣ አንተም ስትስቅ አየሁህ፣ ከዚያ ወጣህ፣ አንተ ስትወጣ መረጥንህ። ምን መረጣችሁኝ። የውሃ ፓምፕ ኮሚቴ ነዋ፣ እጀታው ተሰብሯል፣ የሚበይድ ሰው ያስፈልጋል፣ ደግሞ የሌለ ሰው እንቢ አይልም። ይህ እውነት ነው፣ በዚህ ቀበሌ ስብሰባ ጥሎ የወጣ ሰው ሳይመረጥ የቀረበት ጊዜ የለም፣ ዘገየ ራሱ እጁን አውጥቶ ስንቱን መርጧል፣ እንዴት ይህን ረሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ተባረርኩ ሲል የተመረጠ ሰው፣ አይ ዘገየ።

ኛቢየል ግን እሱን አታይም፣ በሩ ሥር የታሰረውን ነው የምታየው። ይህ ለምን ታሰረ፣ ትላለች። ይነግራታል፣ ኢብራሂም ሊወስደው ነው፣ በምትኩ አዲስ ይመጣል፣ ድስትሽን ይሠራዋል፣ ስንጥቁን እንደ ነበረ ያደርገዋል፣ ደግሞ መብራት አይነካም፣ ሳላስቸግራችሁ እሠራለሁ፣ እኔ ስበይድ ኦባንግ ቤቱ አምፖሉ ሥር ጋዜጣውን ቢያነብ እንኳ ምንም አያውቅም። በጥሞና ትሰማዋለች። ስለ ድስቱ ደስ ይላታል፣ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ትላለች፣ ከዚያ ፊቷ ይከፋል።

መብራት ካልነካ፣ ትላለች፣ አንተ መኖርህን በምን እናውቃለን።

ዐይኑ ሲሞላ ወደ መጽሔቱ ያጎነብሳል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ፈረንጅ ይበይዳል፣ ኦባንግ ተረድቶት ይሁን ሳይረዳው ባትሪውን ያጠፋል። ያ ሁሉ ማታ፣ ትርንጎ ከሄደች ወዲህ ያ ሁሉ ማታ፣ ብቻዬን ነኝ ሲል፣ ለስድስት ወንበር ሲበይድ፣ ግራና ቀኝ ሰው ቀና እያለ መጣ፣ በላ፣ በረታ ሲለው ነበር፣ እሱ ጭንብሉን አጥልቆ ጨለማ ውስጥ ሆኖ አያይም። ጨለማ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

ኢብራሂም አንዱን የሱቅ በር ዘግቶ ሌላውን ሲይዝ ዘገየ ይደርሳል፣ ሮጦ ነው የመጣው፣ ያልባል፣ ሦስት በአንዱን፣ ይላል፣ ኤሲ ያለውን፣ ስማኝ፣ ኤሲ ከሌለው እንዳታመጣው፣ አርጎንም ጨምር፣ ለፓምፑም ለድስቱም ነው። አሮጌውንስ ሰው ልላክ። አሮጌው አይሄድም። ሁለት ማሽን ምን ያደርግልሃል አንተ ሰው፣ ይላል ኢብራሂም፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላውስ። ዘገየ ሊያስረዳው ይሞክርና ይተወዋል፣ ይኑር፣ ይላል ብቻ፣ እሱም ይኑር። ቁርጡ ይህ ነው፣ ተናገረ፣ ቀላል ነበር።

ቤቱ ተመልሶ ገመዱን ይፈታል። የጅማው ልጅ፣ ይለዋል ማሽኑን፣ እንደ በሬ አንገቱን እያሸ፣ እየገፋ ወደ በረንዳው ያስጠጋዋል፣ ሽቦውን ይሰካል፣ አሮጌው ያጓራል፣ የሚበየድ ነገር የለም፣ ወዳቂ አንጎላሬ ያስቀምጣል፣ ፊቱን አዙሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ኤሌክትሮዱን ያስነካል፣ አንዴ፣ ቶሎ ያነሣል፣ ያስነካል፣ ያነሣል። ይህ ለመጣሁ። ይህ ለበላሁ፣ ባይበላም ይበላል፣ ገና ነው። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ያስነካዋል፣ ቆይቶ፣ ዐይኑን ገልጦ ያስነካዋል፣ ከአጥሩ ወዲያ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ፍም ሲሆን፣ ቀስ ብሎ ሲመለስ ያየዋል፣ በዐይኑ፣ ያለ መስታወት።

ዘገየ፣ ይላል የኛቢየል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ፣ በቃ፣ አየን፣ ልጆች እያጠኑ ነው።

እሺ፣ ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ እንድትሰማው።