የማይነቀል ጌሾ

ማንያዘዋል የውኃ ጀሪካናቸውን እንደያዙ የአፈር ክምሩ አናት ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«አባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!» አለች ልጃቸው ሕሊና ከታች ሆና። አጠገቧ የቆመው የቅርስ ተቆጣጣሪ ኤራን በዕብራይስጥ የሚለውን ታስተረጉማለች። «የት እንደሚረግጡ እስኪያሳይዎት ነው። አፈሩ ይናዳል።»

ቅርስ መሆኑን ለሳቸው ማን ነግሯቸው! ታልፒዮት ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲሸከሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ከቂርያት ሃዮቨል ቁልቁል ይህን ረጅም ክምር ከነቦዩ አገኙ። ባለቤቱ የተወው የማሳ ድንበር መሰላቸው። እንደ ጎንደር ገበሬ ዝናብ የበላውን ጎኑን በድንጋይ ደግፈው፣ አናቱ ላይ ጌሾ ተከሉ። ለካ ሰው ጽሕፈት ሳያውቅ በፊት የቆለለው፣ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ኖሯል።

«እንግዲያው ጌሾዬን ነቅዬ ልውረድና ልገላገል።»

ኤራን እጁን አወናጨፈ። ሥሩ ሲነቀል ክምሩን ይዞ ይወጣል፤ ክልክል ነው። መትከሉም ክልክል ነበር።

«ታዲያ እንደ ወፍ ልብረር?»

«ለእሱም ፈቃድ ሳይጠይቁዎት አይቀሩም» አለች ሕሊና። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ድንጋዩን ማን ደረደረው ይላል። ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከቦዩ ወዲያ ያለውን መሬት እንዲያለሙ ይተውዎታል። እርስዎ ከሆኑ ሁሉም ይታጠራል፤ ዳግመኛ አይገቡም።» ኤራን አማርኛ ባይሰማም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አላውቅም ይበሉ። ማን አየዎት?»

ከዚህ ሌላ የሚውሉበት የላቸውም። «አላውቅም» የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። ነገሩ ግን የድንበር ነገር ነው። በድንበር የዋሸ ዘሩ አይበረክትም ሲባል ሰምተው አድገዋል፤ ኦሪቱም ወሰን የገፋውን ይረግማል።

«እኔ ነኝ በይው።»

«አባ!»

«በይው አልኩሽ። ይኸኛው የኔ ነው፤ ይኸም የኔ። ያ ትልቁ ግን ቀድሞም ነበረ። የሰው ድንጋይ የኔ ነው አልልም።»

ኤራን የጠቆሙትን ሁሉ በኖራ ምልክት አደረገበት። ከዚያ የሚረግጡበትን እያሳየ፣ ክንዳቸውን ደግፎ አወረዳቸው።

በሳምንቱ አጥሩ ቆመ፤ ጌሾው ከውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ማንያዘዋል እንደ ልማዳቸው ማልደው ተነሡ፤ ጫማቸውን አሰሩ፤ ከዚያ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አባ፣ ዛሬ ወዴት ነው?» አለች ሕሊና ወደ ሥራ ስትወጣ።

«እዚሁ» አሏት።