የዶክተሩ መንጋጋ

ፈገግታ የሚያበዛ ሰው አላምንም። ሱንኤ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ፈገግ እንዳለች ናት። ገበያችን ፊት ለፊት የተከፈተው የጥርስ ክሊኒክ በወረቀት የዶክተር ኖ ነው፤ የምታዘው ግን ሥራ አስኪያጇ ሱንኤ ናት።

እኔ እዚህ ኮሪያ፣ ጀንጁ ገበያ፣ ኪምቺ እሸጣለሁ፤ በበርበሬ የተብላላ ጎመን ነው። ጎመኑ መድረሱን የማውቀው በመንጋጋዬ ነው፤ ቀጭ ሲል እስከ ጆሮዬ ይሰማኛል። አንዱ የመንጋጋ ጥርሴ ቀዝቃዛ ሲነካው ጠቅ ቢያደርገኝ፣ እንጀራዬ ነውና ደንግጬ ክሊኒኩ ሄድኩ።

ዶክተሩ አየና «ቀጭን ስንጥቅ ናት። ለጊዜው አንነካትም፣ እንከታተላታለን እናቴ» አለኝ። እፎይ አልኩ።

ሱንኤ ግን ወደ ጠባቧ ክፍሏ አስገባችኝ። «እማማ፣ አራት መንጋጋዎችዎ ተሞርደው ሽፋን ይልበሱ። ለገበያ ሰው ቅናሽ አለን።»

«ዶክተሩ አንነካትም ነው እኮ ያለኝ።»

«እሱ ይሉኝታ ይዞት ነው።»

ይሉኝታ የያዘው ሐኪም ደግሞ የት ታይቶ ይታወቃል? ተመልሼ ገባሁበት፤ እሷም ተከተለችኝ።

«ዶክተርዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሞረድ?»

እሷን አየ። «ቢሞረድ ይሻላል።»

«እናትህ ብሆንስ?»

«እናቴም ብትሆን።» የተጠና መልስ ይመስላል።

እኔ ሳልቀምስ አልገዛም። «አፍህን ክፈት» አልኩት።

«እ?»

«ክፈት እንጂ! አንተ የኔን አላየህም?»

ሱንኤ ሳቀች። እሱ ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ ከፈተ። መብራቱን አዞርኩበት። መንጋጋው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቡናማ ስንጥቅ አለች።

«ይቺ የኔዋ እህት አይደለችም? ያንተን ለምን አላስሞረድክም?»

ጆሮው ቀላ። «እየተከታተልኳት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ግን አዘንኩለት፤ ልጁ ክፉ አይደለም።

ከሳምንታት በኋላ ሱንኤ ዶክተሩን አስከትላ ገበያውን ስትዞር አየኋት። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ዶክተር፣ እስቲ ለእማማ ክፈትላቸው።»

ከፈተ። ስንጥቋ የለችም። በቦታዋ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሽፋን ገብቷል።

«በራሱ ያላደረገውን በሰው አያደርግም» አለች ሱንኤ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«ሐኪም ማለት እንዲህ ነው!» አለች አጠገቤ ያለችው ዓሣ ሻጭ፤ እዚያው ቀጠሮ ያዘች። እኔ በንዴት ተቃጠልኩ። ሱንኤን ይህን ዘዴ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ዶክተሩ ቀና ብሎ አላየኝም። ከጎመኑ አንድ ቁራጭ አቀበልኩት። ሽፋኑን ሸሽቶ በሌላኛው ጎን አኘከው።