ኡ ከተባለ

«ኡ በይ» አላት ከማል።

ጥሩወርቅ ኡ አለች። ይህ ስንተኛው ኡ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ጣሊያኑ ፈረንጅ ጎንበስ ብሎ ቀጭኗን የብረት ማስመሪያ ከከንፈሯ ዳርና ዳር አስጠጋ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ አየ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ጻፈ። ብረቷ ጠዋት ጠዋት ትቀዘቅዛለች። እሷ ደግሞ ከጋፋት ማዶ በእግሯ፣ በዚያ ሁሉ ውርጭ መጥታ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ሲነካት ያቃጥላታል። ግን ምንም አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላለችም፤ ኡ ብቻ ነው ያለችው።

ሰውዬው ወታደር አይደለም። በአገሩ ትልቅ አስተማሪ ነው አሉ፣ ከሰው አፍ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ እየለቀመ የሚጽፍ። ደብረ ታቦር ከመጣ ወር አይሞላውም፤ የከተማው ሴቶች ግን ወዲያው ስም አውጥተውለታል፣ ከንፈር ለኪው ብለው። ዛሬ ጠዋት እንኳ እንጨት ሻጯ አበበች በሩ ላይ አይታት፣ «አንቺ፣ ዛሬም ከንፈርሽን ልታስለኪ ነው? እስቲ ስንት ክንድ ሆነልሽ?» ብላ ሰው አስቃባታለች። ጥሩወርቅም ፈገግ ብላ አለፈች። ምን ታድርግ፣ መናደድም ጉልበት ይፈልጋል።

የመጣችው ለወንድሟ ነው። ፈንታሁንን ጣሊያኖቹ በጥቅምት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የወሰዱት፤ ጎተራህ ውስጥ ለሽፍታ ጠመንጃ ደብቀሃል ብለው። ጎተራውን ገልብጠው ያገኙት ገብስ ነው። እሱን ግን ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ምሽጉ ውስጥ ታስሯል፤ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ፊቱን አያሳዩዋትም፣ አንዳንዴ ግን ሳሉን ከግንቡ ውጪ ሆና ትሰማዋለች። የእሱ ሳል መሆኑን ታውቀዋለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እስረኞቹ ሰኞ በመኪና ወደ ምጽዋ ይጫናሉ ተባለ። ከምጽዋ ወዲያ ባሕር ነው። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

እዚህ ያመጣት ከማል ነው። ከማል ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ምጽዋ ሲመላለስ የለመዳት ጣሊያንኛ ጣጣ አምጥታበት አሁን አስተርጓሚ አድርገውታል። እናቷ ለሰርጓ የለበሰችውን ቀሚስ የሸጠላቸው እሱ ነው። «ሥራውን ካገዝሽው ስለ ወንድምሽ ለምሽጉ አዛዥ፣ ለኮማንዳንቱ ይጽፍልሻል» አላት። እሷም መጣች።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቷል፣ በመስመር በመስመር የተከፋፈለ። በየመስመሩ አንድ ቋንቋ አለ። አንዱ ላይ ለጣሊያን ወታደርነት ያደረው የሐማሴኑ አስካሪ በትግርኛ ኡ ብሏል፣ አንዱ ላይ ከማል በአረብኛ ብሏል፣ አንዱ ላይ ሰውዬው ራሱ መስታወት ይዞ የገዛ ከንፈሩን ለክቶ ጽፏል።

«ኡ የማይገኝበት አገር ጥቂት ነው ይላል» አለ ከማል እያዛጋ። «ከንፈር ሞጥሞጥ ይላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፣ ያው ኡ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ ከንፈራቸውን ኡ አድርገው በምላሳቸው ኢ የሚሉት አላቸው አለ።»

«ምን ነክቷቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። በፀሐይ መውጫ በኩል ደግሞ ከንፈራቸውን ሳያሞጠሙጡ ኡ የሚሉ አሉ።»

ጥሩወርቅ ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ሲጨንቃቸው እንዴት ነው የሚጮኹት?»

ከማል ሳቅ ብሎ ነገረው። ሰውዬው ግን አልሳቀም። እርሳሱን አስቀመጠና ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ አንስቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። ከዚያ ብዙ አወራ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ሳጥን እያሳየ። ሳጥኗ ላይ እንደ መለከት አፏ የሰፋ ቆርቆሮ ተሰክቶባታል። ድምፅ በሰም ላይ የምትይዝ መኪና ናት። ከማል ሲሰማ ቆየ። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ምን አለ ጋሼ ከማል?»

«በዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ አንዲት ቦታ ብቻ ናት የቀረችው ይላል። እሷ ከሞላች የኮማንዳንቱን ወረቀት ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ ነው የሚለው። የናንተ ሴቶች ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ኡኡ የሚሉትን ከሩቅ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ረጅም ኡ የትም አልሰማሁም ይላል። እሱን በመኪናዋ ልያዘው ነው የሚለው።»

«አሁን? እዚህ?»

«አሁን፣ እዚህ።»

ጥሩወርቅ በመስኮቱ አየች። የቅዳሜ ገበያ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ አህያ፣ ድርቆሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ። በሩ ላይ ደግሞ ከአሸዋ ከረጢቱ ኋላ መትረየሱ አፉን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ወታደር ብርቱካን ይልጣል።

«አይሆንም በሉት።»

«ለምን ልበለው?»

«ሰው ይመጣል በሉት።»

ከማል ነገረው። ሰውዬው በትዕግሥት ፈገግ አለ፣ ልጅን እንደሚያባብል። «ለመኪናዋ ነው፣ ውሸት መሆኑን በሩ ላይ ሆነን እንነግራቸዋለን ይላል።»

«እሱ እስኪነግር ማን ይጠብቃል? ኡ ከተባለ እኮ የያዘውን ጥሎ፣ ዱላውን አንስቶ ነው ሰው የሚሮጠው። እነዚያ ደግሞ ዱላውን አይተው ነው የሚተኩሱት።»

ይህን ከማል አልተረጎመውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰኞ እኮ ነው እህቴ» አላት ብቻ።

ታውቃለች። ሰኞ መሆኑን እሷ ናት የምታውቀው። በጣም ደክሟታል፤ እግሯ ደክሟል፣ ጉንጯ ደክሟል፣ ከንፈሯ ራሱ የሌላ ሰው ከንፈር መስሏታል። እዚያው ወለሉ ላይ ጋደም ብትል ደስ ይላት ነበር። ብትጮኽ ወንድሟ ሊተርፍ ይችላል፤ ያ ዶሮ ያንጠለጠለው ሰውዬ ግን ላይተርፍ ይችላል። ማን እንደሆነ እንኳ አታውቀውም።

«ሰው የማይሰማበት ቦታ እንሂድ በሉት» አለች በመጨረሻ።

ሄዱ። መኪናዋ በበቅሎ ተጫነች፣ ሁለት አስካሪዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ከኋላ ተከተሉ። የመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ከሥር የጎጆ ጭስ ታየ። ሁለተኛው ላይ ከዛፎቹ መሃል የቤተ ክርስቲያን ጣራ ብቅ አለ። ሦስተኛው ላይ ሴቶች ሣር ያጭዳሉ። ከሩቅ ሲያዩት ባዶ የሚመስለው አገር ሁሉ፣ ሲደርሱበት ሰው አለበት። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ፈረንጁ ጫማው እግሩን በልቶት ማነከስ ጀመረ፤ አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያወልቅ ተረከዙ ደምቶ አየችው። እሱም ደክሞታል። ምን ሆኖ ነው በየአገሩ ከንፈር እየለካ የሚዞረው፣ ሰው ቤት የለውም ወይ፣ ብላ አሰበች።

«ለአንድ ኡ ሦስት ተራራ!» አለ ከማል እያለከለከ። «ጨርቄን ዘርግቼ ብቀመጥ ምን አለበት ነበር? ሰው ኡ ሳይሆን ዋጋ ቀንስ ብቻ ነበር የሚለኝ።»

አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጥሩወርቅ ቆመች። ሰው የማይሰማበት ቦታ እንደሌለ ገብቷታል። ከሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ሁለት አውድማ ይታያል፤ በሬዎቹ እህሉ ላይ ይዞራሉ። ነፋሱ ግን ወደ ገደሉ ነው የሚነፍሰው። ላይሰሙ ይችላሉ። ላይሰሙ ይችላሉ ብላ ራሷን አሳመነች፣ ግማሽ በግማሽ።

«አስካሪዎቹ እዚህ አይሁኑ» አለች።

ከማል ከፈረንጁ ጋር ተነጋገረ፣ አስካሪዎቹም መኪናዋን አራግፈው በቅሎዋን ይዘው ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ። «ወታደር ፊት ታፍራለች፣ ድምጿ አይወጣም አልኩት» አላት ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ።

«ወረቀቱን መጀመሪያ።»

ሰውዬው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፣ ፈረመ። ከማል አነበበላት። ይህች ሴት ለሥራዬ ብዙ ደክማለች፣ ወንድሟ ከሰኞው ጉዞ እንዲቀርልኝ እጠይቃለሁ፣ ይላል።

«እጠይቃለሁ ነው ወይስ ይቅር ነው የሚለው?»

«እጠይቃለሁ ነው።»

ወረቀቱን አጠፈችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አሰረችው። ፈረንጁ የመኪናዋን እጀታ አዞረ፣ ቆርቆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ፣ በጣቱም ጀምሪ አላት።

መጀመሪያ የወጣው የጠረጴዛው ኡ ነው፣ ከንፈር ሞጥሞጥ፣ ምላስ ሸሸት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። አይደለም። እንደገና ሞከረች። አሁንም አይደለም። እንዴት እንደሚባል የጠፋባት መሰላት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስታላምጠው ጣዕሙ እንዳለቀበት ነገር። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ያች ሳል ትዝ አለቻት፣ የግንቡ ሳል። ሌላ ምንም አላሰበችም።

ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ከአፏ አይመስልም፤ ከሆዷ፣ ከጉልበቷ፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ ነው የወጣው። ቆርቆሮው ተርገበገበ። ፈረንጁ ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ኡኡ፣ ኡኡ፣ ኡኡ እያለች ትንፋሿ እስኪያልቅ ሄደች፣ ካለቀም በኋላ ተራራው ድምፁን ትንሽ ይዞላት ቆየ። ከዚያ ጸጥ አለ። የመኪናዋ ሰም ብቻ ክርር ይላል።

አውድማው ላይ በሬዎቹ ቆመዋል።

መጀመሪያ የደረሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ መንሻቸውን እንደያዙ፣ ጢማቸው ላይ ገለባ ተጣብቆ። ከኋላቸው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ትሮጣለች፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌሎች፣ ከወዲህም ከወዲያም። ሽማግሌው ፈረንጁን አዩት፣ ቆርቆሮውን አዩት፣ ወደ ኋላ ግን አላሉም። መጥተው በሱና በጥሩወርቅ መሃል ቆሙ።

«ማን ሞተ?»

«አባባ፣ ማንም አልሞተም» አለ ከማል ፈጠን ብሎ። «ይቺ መኪና ናት እንጂ...»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ጥሩወርቅ፣ የለም፣ ለጨዋታ ነው ማለት አልቻለችም። ይህን ሁሉ ዳገት በሩጫ የወጣ ሽማግሌ ፊት እንዴት ይባላል?

«ወንድሜን ወሰዱት» አለች።

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አሁን ጥር ነው። ተቆጥተው ጥለዋት የሚሄዱ መሰላት።

«በጥቅምት» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ጊዜ ታዲያ ለምን ኡ አላልሽም፣ ልጄ?»

«ስምንት ነበሩ፣ ሁሉም ጠመንጃ የያዙ።» መሬት መሬቱን አየች። «ብጮኽ ትመጡ ነበራ።»

ነጠላዋን ያሰረችው ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፈረንጁ ከማልን በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ከማል የሰማ አይመስልም፣ ጫማውን ነው የሚያየው። በዚያ መሃል ከማዶው ሸንተረር ሌላ ሴት ተቀብላ ኡኡ አለች። ከእሷ ወዲያ፣ ወደ ከተማው በኩል፣ ሌላ። ከሥር ከወንዙ ሁለቱ አስካሪዎች ዳገቱን እየወጡ ነው፣ ጠመንጃቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«እንግዲህ ይህን ጩኸት ማን ይመልሰዋል» አሉ ሽማግሌው ማዶውን እያዩ። ከዚያ ወደ ቋጠሮዋ ዞሩ። «ይኼስ ምንድን ነው?»

«ስለሱ የተጻፈ ወረቀት ነው። ልመና ነው።»

«የት ነው የሚደርሰው?»

«ምሽጉ።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። ሰዉ ሃያ ያህል ሆኗል፣ አሁንም ይመጣል። «ብቻሽን ታዲያ?» አሉ።

ጥሩወርቅ በሽማግሌው ክንድ ተደገፈች። የያዙትን ሁሉ አየች፤ መንሽ፣ ማጭድ፣ ዱላ።

«መንሹን ተዉት አባባ» አለች። «ባዶ እጃችሁን ሁኑ።»

ሽማግሌው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ መንሻቸውን ከመኪናዋ አጠገብ ሣሩ ላይ አጋደሙት። ሴትዮዋ ማጭዷን በላዩ አስቀመጠች። አንዱ ዱላውን። ሌላውም። ፈረንጁ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ እንዳቀፈ ይቆጥራቸው ይመስል ያያቸዋል።

ጥሩወርቅ ቋጠሮዋን ወደ ላይ፣ እንዲታይ አድርጋ ያዘችና፣ ወደ አስካሪዎቹ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ዞር ብላ አላየችም። ከኋላዋ የሚከተላት ሰው የሚረግጠው ጠጠር እየተንከባለለ ይቀድማት ነበር።