ዴንዚል አየር አልመታም ያለ ቀን

ዴንዚል ክራውች የኮንጋ ከበሮውን ሲመታ የቴምዝ ወንዝ ሽቅብ ይፈሳል ይባላል። ማን ይላል? ራሱ ዴንዚል። ሃያ ዓመት ሙሉ በለንደን ስቱዲዮዎች እሱ ያልመታበት የጃዝም ሆነ የኩባ ዘፈን የለም፤ የሸክላው ሽፋን ላይ ግን ስሙ አንድም ቀን አልወጣም። ይህን ችሎታል። ያን ማክሰኞ የመጣበትን ግን አልቻለውም።

በአንድ ወጣት ዘፋኝ ሸክላ ላይ ከበሮውን የመታው ማሽን ነው። የሙዚቀኞች ማኅበር ሕግ ደግሞ ለቴሌቪዥን ዘፈኑ በሰው እጅ እንደገና ይቀረጽ ይላል። ስለዚህ ሙዚቀኞች ይጠራሉ፣ ለይስሙላ ይነካካሉ፤ የማኅበሩ ተቆጣጣሪ መጠጥ ቤት ይወሰዳል፤ ሲመለስ ማሽኑ የመታበት የድሮው ቴፕ በአዲሱ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። አገር ያወቀው ዘዴ ነው።

«ዛሬ ዳበስ ዳበስ ብቻ» አለው ሙዚቀኛ የሚያስቀጥረው ደላላ፣ ሞንቲ። «ተቆጣጣሪው ሚስተር ፕሪንግል ወደ መጠጥ ቤት ሊሄድ ኮቱን ሲያነሣ በቃን።»

«ድመት መሰለችህ የምዳብሳት?»

«ወንድሜ፣ ጉሮሮህን አትዝጋ።»

«እጄ ከሚዘጋ ጉሮሮዬ ይዘጋ!»

ፕሪንግል ኮቱን አንሥቶ አንዱን እጅጌ አጠለቀ። ዴንዚል ያኔ ለቀቀው። እንዴት ያለ አመታት! ግድግዳው አበጠ፤ በጎዳናው የሚያልፈው አውቶቡስ ፌርማታውን ሳተ። ትራምፔት ነፊዋ ዊኒ «አንተ እብድ፣ ብቻህን ልትበላት ነው?» ብላ ገባችበት። ሌሎቹም ተከተሉ።

ሞንቲ በሩን ይዞ ቀረ። «ሚስተር ፕሪንግል፣ ቢራው ይሞቃል!»

«የእንግሊዝ ቢራ መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል?» አለ ፕሪንግል፤ አንዱ እጅጌ እንደተንጠለጠለ ተመልሶ ተቀመጠ። እስኪያልቅም አልተነሣ። ከዚያ አዲሱን ቴፕ ራሱ ሣጥን ውስጥ አሸገ፣ ፈረመበት፣ በብብቱ ይዞት ወጣ።

ሞንቲ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንተ ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ስልክህ ከጮኸ እኔ ሞንቲ አይደለሁም!»

«አይጩህ! ሐሙስ ቴሌቪዥን ስትከፍት የምትሰማው የእኔን እጅ ነው። ካስጠላህ አጥፋው፤ አገሩ ሁሉ ግን ይሰማዋል።»

«አገሩ ብቻ?» አለች ዊኒ።

ዴንዚል ከበሮውን ተሸክሞ በሩን በእግሩ ከፈተው። «ፈረንሳይም ይሰማል። ጠንከር አድርጌ ነው የመታሁት።»